እስከ ኦዴሉ በረት የደረሰው መንግሥት

ታትያ ብርጭቆዬን ከእጄ ወስዶ በጠረጴዛው ሰሜናዊ ጫፍ አስቀመጠው። ሻዩን ገና አልጨረስኩትም ነበር።

«ይሄ ኡጃይን ነው» አለኝ። «እንዳትነካው።»

ቀጥሎ የሻይ ቤቱን ጌታ የባባንን የስኳር ቆርቆሮ አንሥቶ ናሲክ አደረገው። መነጽሩን አጥፎ በምዕራብ በኩል አጋደመው፤ ተራሮቹ መሆናቸው ነው። ለጎዳቫሪ ወንዝ የፈሰሰ ሻይ ነበረለት፤ በጣቱ እየጎተተ ወደ ምሥራቅ አስረዘመው። በመጨረሻ አንድ የሽንኩርት ጥብስ አንሥቶ ከወንዙ ዳር አኖረ። እሷ የእኛ ከተማ ናት፤ ዛሬ ፓይታን፣ ያኔ ፕራቲሽታና፣ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት መካከለኛውን ህንድ የገዙት የሳታቫሃና ነገሥታት መናገሻ።

«እንግዲህ» አለና ጠረጴዛውን በጣቱ አንጓ አንዴ መታው።

አንዴ «ቁም» ነው። ሁለቴ «ሂድ» ነው። ታትያ ዕድሜውን የጨረሰው በመንግሥት አውቶቡስ ቲኬት ቆራጭነት ነው። በጣሪያው የተዘረጋውን ገመድ እየሳበ ሾፌሩን በደወል ሲያዝ ኖሯል። ጡረታ ሲወጣ ገመዱን መለሰ። ትእዛዙን ግን ይዞ ቀረ።

በጎዳቫሪ ዳር ባለ ከተማ ሁሉ፣ ከተማዋ በአንድ ወቅት የዓለም እምብርት እንደነበረች የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ሐኪም የሌላት መንደር አይቻለሁ፤ ፖስታ ቤት የሌላትም አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ሰው የሌላት ግን አላጋጠመችኝም። የቤቱ ጣሪያ ሲያፈስስ አያይም፤ የጠፋ አውራጃ ግን እንቅልፍ ይነሣዋል። የእኛው ራንግናት አውቴ ይባላል። ሁሉም ታትያ ይለዋል፤ እኔ ደግሞ በልቤ የሦስቱ ባሕሮች ጌታ እለዋለሁ፤ የነገሥታቱ ፈረሶች የሦስት ባሕር ውኃ ጠጥተዋል እያለ አሰልችቶናልና።

የግርማዊነቱ ግዛት ቋሚ ወሰን የለውም። የሚሰፋው እንደ አድማጩ ነው። ከሱራት የመጣ ሰው አጠገቡ ከተቀመጠ፣ ሻዩ ሳይቀዳለት ሱራት ገብራለች። አንድ ጊዜ ከቦፓል የመጣ የሐር ሳሪ ነጋዴ አረፍ ቢል፣ ታትያ ትከሻውን ይዞ «እንኳን ወደ መናገሻህ መጣህ» አለው። ሰውዬው ግራ ገባውና ከፊቱ ያገኘውን የሽንኩርት ጥብስ አንሥቶ ጎረሰ።

ሰውዬው ፕራቲሽታናን እያላመጠ ነበር።

«ምንም አይደለም» አለ ታትያ። «ናሃፓናም እንዲህ ነው ያደረገው። በኋላ ተፋት።»

ናሃፓና ማነው ብሎ የጠየቀ፣ ከሰዓት በኋላውን አጣ ማለት ነው። ናሃፓና የምዕራቡን ምድር ከሳታቫሃናዎች የነጠቀ የባዕድ ገዥ ነው። ያስመለሰው ጋውታሚፑትራ ነው። ታትያ ስለ ጋውታሚፑትራ ሲያወራ ከሚወዳቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው፦ ንጉሡ የጠላቱን የብር ገንዘብ አላቀለጠም፤ በናሃፓና ፊት ላይ የራሱን ማኅተም መታበትና በገበያው እንዲዘዋወር ተወው።

«ግን ከየት ተነሡ?» ብዬ ጠይቄው አውቃለሁ።

«ከየትም አልመጡም። እዚሁ ነበሩ። የሰሜኑ ትልቁ መንግሥት ሲወላልቅ እነሱ ሹማምንት ነበሩ፤ ግብር ሰብስበው ይልካሉ። አንድ ቀን የሚላክለት ሰው ጠፋ። ተቆጣጣሪው የቀረ ዕለት አውቶቡሱን ማን ያዝዛል?»

«ሾፌሩ?»

«በሩ ላይ የቆመው ነው። ከዚያ የተራራውን መተላለፊያ ያዙ። ከባሕር የሚወጣ ሸቀጥ ሁሉ በዚያ ያልፋል፤ የሚያልፍ ሁሉ ይከፍላል። መንግሥት ማለት ቲኬት ነው፤ ሌላ አይደለም።» ጠረጴዛውን ሁለቴ መታ። ጉዳዩ አለፈ።

እኔ የአውራጃ ጋዜጣ ዘጋቢ ነኝ፤ ወሰኑ በየቀኑ የሚለዋወጥ አገር ያጓጓኛል። አንድ ቀን እንግዳ በሌለበት፣ ለማንም ሳያዳላ መንግሥቱ የደረሰበትን ብቻ እንዲነግረኝ ለመንኩት። ጁናር አለ፣ ናሲክ አለ፣ ኮልሃፑር፣ ኡጃይን። በምሥራቅ እስከ ናንዴድ። በሳምንቱ ሚስቱን ኢንዱባይን ገበያ አገኘኋትና ባሏ በአገልግሎት ዘመኑ የት የት ይሠራ እንደነበር ጠየቅኋት።

«ጁናር» አለች እንሰላል እየመረጠች። «ናሲክ። ኮልሃፑር። ኡጃይንም ለጥቂት ጊዜ።»

«ወደ ምሥራቅስ?»

«ናንዴድ። ከናንዴድ ይመለሳል። ምነው?»

«እንዲሁ ነው፣ ቫሂኒ» አልኳት፤ የወንድም ሚስት በእኛ እንዲህ ነው የምትጠራው።

የሳታቫሃና መንግሥት አውቶቡሱ በሚዞርበት ቦታ ያልቅ ነበር።

በክረምቱ ማግስት ሬቫቲ ታጨች። ሬቫቲ የታትያ አንድ ልጅ ናት፤ ሃይደራባድ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት። እጮኛዋ ሳምፓት እዚያው የራጅ ባለሙያ ነው። አገሩ ቴላንጋና፣ ከኮቲሊንጋላ ጎን ያለች መንደር፤ የእኛው ጎዳቫሪ ቁልቁል ወርዶ የሚደርስባት። ሁለቱ ቤተሰቦች ብዙ ነገር ዋጡ። ቋንቋው ሌላ ነው፤ ዋጡት። ዘሩ ሌላ ነው፤ ትንሽ ቆይተው ዋጡት። እነሱ ሥጋ ይበላሉ፣ የታትያ ቤት ሽንኩርት እንኳ በጾም ቀን አያስገባም፤ ይህንንም ዋጡት። ኮከቡ ገጠመ። ቀኑ ተቆረጠ፤ ከዝናቡ በፊት፤ ምክንያቱም ዝናቡ ከገባ አማልክቱ ይተኛሉ፣ እስኪነቁም የሠርግ ቀን የለም።

ከዚያ ታትያ የጥሪ ካርድ አሳተመ።

ፊቱ እንደማንኛውም ካርድ ነበር፤ ባለዝሆን ራሱ አምላክ ጋኔሽ ከላይ፣ ስሞቹ ከታች። ጀርባው ላይ ግን ካርታ ነበር። ምዕራቡ እስከ ባሕር፣ ሰሜኑ ከኡጃይን ወዲያ፣ ደቡቡ እስከ ክሪሽና ወንዝ፤ ወሰኑ በቀይ። በምሥራቅ ስንት ዓመት ናንዴድ ላይ ቆሞ የነበረው መስመር፣ እንደ ምላስ ወንዙን ተከትሎ ረጅም መንገድ ወጥቶ፣ አንዲት ነጥብ ዋጥ አድርጎ፣ ከነጥቧ ጀርባ ወዲያው ይዘጋል። ከዚያ ወዲያ ነጭ ወረቀት ነው።

«ታትያ፣ ምሥራቁ መቼ ተያዘ?»

«አዲስ ምርምር አለ።»

«የማን?»

ጠረጴዛውን ሁለቴ መታ።

የመጀመሪያው ካርድ ለቤቱ አምላክ ይሰጣል፤ ሁለተኛው ለአማቾች፣ በእጅ። ታትያ ይዞኝ ሄደ፤ ነገሥታት ሲዘምቱ ዜና ጸሐፊ ያስከትላሉ ብሎ። እስከ ናንዴድ ድረስ ለእያንዳንዱ ፌርማታ አንድ ድል ነበረው። ከናንዴድ ወዲያ ድሉ አለቀ። የመንገዱ ምልክቶች ፊደል ተለወጠ፤ ማንበብ አልቻለም። ደወሉ በጮኸ ቁጥር ቀና ይላል።

«ገና ሩቅ ነው?» አለኝ።

«ገና ነው።»

ጥቂት ቆይቶ ደግሞ «ሩቅ ነው» አለ፤ አሁን ግን እየጠየቀኝ አልነበረም።

የሳምፓትን አባት፣ ግንታላ ኦዴሉን፣ ገና በሩ ላይ ሳየው አወቅሁት። ጡረታ የወጣ የፖስታ ቤት ሹም ነው፤ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጓል። ሰላምታውን ሳይጨርስ ትልቅ ጡብ አንሥቶ ታትያን አሸከመው። የምናገረው ስለማን እንደሆነ ይገባችኋል። እነሱም እንዲህ ያለ ሰው አላቸው። ሁለቱ የሚግባቡት በተሰባበረ ሂንዲ ነው፤ ለጠብ ግን በቂ ነበር። ስም ሲጠሩ ኦዴሉ «ጋሩ»፣ ታትያ «ራኦ» ይጨምራሉ፤ ሁለቱም የአክብሮት ነው።

«ይከብዳል፣ አይደል ታትያ ጋሩ? ሳታቫሃና ነው። በረቴ ሙሉውን የተሠራው በዚህ ነው፤ አያቴ ከወንዙ ዳር ቆፍሮ አወጣው። ለመሆኑ እናንተ ጋ ቤተ መንግሥት ውስጥ የሚያድር ጎሽ አለ?»

«እኛ ጋ ቤተ መንግሥቱ መሬት ውስጥ ነው።»

«አላያችሁትም ማለት ነዋ።»

ታትያ ጡቡን አስቀመጠ። «ኦዴሉራኦ፣ ወንዙ ከየት ወደየት ነው የሚፈሰው? ከእኛ ወደ እናንተ። ውኃም መንግሥትም ሽቅብ አይሄድም።»

«ዓሣ ይሄዳል። የተነሡት ከዚህ ነው፤ የመጀመሪያው ንጉሥ ገንዘብ የተገኘው በዚህ አፈር ውስጥ ነው። እናንተ ጋ የሄዱት ኋላ፣ ቤት ሲጠባቸው ነው። ደግሞ የምን ውኃ? ግድብ ሠርታችሁ አስቀርታችሁት። ከእናንተ የሚደርሰን ወሬው ነው።»

የኦዴሉ ሚስት በኦቾሎኒ የተጋገረ የሩዝ ቂጣ አቀረበች። ሚጥሚጣው የዋዛ አልነበረም። ታትያ ዕንባው እየወረደ ግዛቱን ተከላከለ። እስከዚህ ድረስ ሁለቱም ደስ ብሏቸው እንደነበር እመሰክራለሁ። እንዲህ ያለ ባላጋራ በሕይወት አንዴ ነው የሚገኘው።

ከዚያ ኦዴሉ ካርዱን ተቀበለ። ፊቱን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ገለበጠው። ብዙ ጊዜ አየው።

«ይሄ ቀዩ?»

«ወሰኑ ነው።»

«ይቺ ነጥብስ?»

«እርስዎ ነዎት።»

«ወሰኑ ከበረቴ ጀርባ ነው የሚያልፈው?»

«በግምት።»

ኦዴሉ መነጽሩን አወለቀ። «ከዚህ እስከ ምሥራቁ ባሕር ስንት አገር አለ። ሁሉንም ገዝተውታል። መርከብ ነበራቸው፤ መርከቡ በገንዘባቸው ላይ ተስሏል። አንተም ታውቃለህ። ታዲያ ለምን በረቴ ጋ ስትደርስ ቆምክ?»

ታትያ ከቂጣው ቆርሶ ጎረሰ።

«የጠረፍ ኬላ ነኝ?» አለ ኦዴሉ። «ይህን ለወንድሞቼ ላድል? ልጄን እንደ ዘበኛ ልጅ ልድር? ስማኝ፣ ካርታው ይስተካከል፤ መነሻው ከዚህ ይሁን። አለዚያ ሠርጉ ይቆይ።»

«መናገሻውን አላዛውርም።»

«እንግዲያው ልጅህን ከመናገሻህ ጋር አስቀምጣት።»

ስንመለስ፣ ናንዴድ ላይ ታትያ «የዛሬ ሾፌሮች ፍሬን አያያዝ አያውቁም» አለ።

እኛ ገና ቤት ሳንገባ ወሬው ሃይደራባድ ደረሰ። ሬቫቲ ለእናቷ ደወለች። አላለቀሰችም፤ ነርስ ናት። «ሁለቱንም አንድ ክፍል አስተኝታችሁ ምግብ ከልክሏቸው» አለች። ቀጥላ ግን ድምፅዋ ዝቅ አለ፤ ይህን ኢንዱባይ ናት የነገረችኝ። «እማ፣ ዝናቡ ከገባ ቀን የለም። የሳምፓት አባት አንዴ እምቢ ካለ ደግሞ ዓመትም አይበቃው። አባን በይው። እኔ ብለው ንግግር ያደርግብኛል።»

በማግስቱ ቤታቸው ስሄድ ኢንዱባይ በካርዶቹ መሐል ወለል ላይ ተቀምጣለች። በየማዕዘኑ ለበረከት እርድ መቀባት ጀምራ አቁማዋለች፤ ጣቷ ቢጫ ነው። ታትያ መስኮቱ ጋ ቆሟል።

«ያ ትልቁ ንጉሥህ ስሙ ማን ነበር?» አለችው።

«ጋውታሚፑትራ። ምነው?»

«ምን ማለት ነው?»

«የጋውታሚ ልጅ።»

«አባቱስ?»

ታትያ ጣሪያውን አየ። «አባቱን በተመለከተ ሊቃውንቱ አይስማሙም።»

«ናሲክ ዋሻው ግድግዳ ላይ፣ ልጄ ይህንን አገር ገዛ፣ ያንን ገዛ ብሎ ያስቀረጸው ማነው?»

«እናቱ ናት።»

«እንግዲህ ወሰኑን የምትናገረው እናት ናት። እኔ አላመጣሁትም፤ ከተጋባን ጀምሮ አንተ ነህ ስትነግረኝ የኖርከው። እኔ የሬቫቲ እናት ነኝ። ጻፍ። ቀዩ ይውጣ። መናገሻው ይውጣ። ወንዙ ይቅር። በዚህ ጫፍ አንድ ነጥብ፣ በዚያ ጫፍ አንድ ነጥብ።»

«ወሰን የሌለው መንግሥት ምን መንግሥት ነው?»

«ልጄ የምትመላለስበት።»

ታትያ ጠረጴዛ ፈለገ፤ የሚመታው። አጠገቡ አልነበረም። ጫማውን አጥልቆ ወጣ።

«ቫሂኒ፣ ለምን ግን በረቱ ጋ ቆመ?» አልኳት። ከነገሩ ሁሉ የከነከነኝ ይሄ ነበር። «ኦዴሉ ልክ ነው። እስከ ባሕር ቢወስደው ማን ይከለክለዋል?»

ቀና ብላ አየችኝ። «ጋዜጠኛ ነኝ ትላለህ እኮ። አውቶቡሱ ከናንዴድ ወዲያ አይሄድም ነበር። ልጅቷ ልትሄድ ነው። መስመሩን ዘረጋላትና ከአማቾቿ ቤት ጀርባ ዘጋው። ባሕሩን ምን ያደርግለታል? ባሕሩ ጋ ማን አለው?» እርዱን ወደ ራሷ ሳበች። «ይህን ለሱ እንዳትነግረው። ምርምር ነው የሚመስለው።»

ታትያ በመጨረሻ ካርዶቹን ማተሚያ ቤት ወሰደ። አታሚው ይጣሉና እንደ አዲስ ይሠሩ አለ። ታትያ አሻፈረኝ አለ። «ጋውታሚፑትራ የጠላቱን ብር አላቀለጠም» አለው፤ አታሚው ይህ ሰው ማን እንደሆነና መቼ እንደሚመጣ ጠየቀ። በካርታው ላይ ነጭ ሜዳ፣ ወፍራም ሰማያዊ ወንዝና ሁለት ነጥብ ታተመበት። ኦዴሉ አንዱ ካርድ በፖስታ ደረሰውና ደወለ። ያነሣችው ኢንዱባይ ነበረች።

«ነጥቦቹ እኩል ናቸው?»

«እኩል ናቸው።»

«የእኛ ትንሽ ወደ ታች ወርዳለች።»

«ወረቀቱን ይገልብጡት፣ ኦዴሉ ጋሩ። ከላይ ትሆናለች።»

ከወዲያ የወረቀት ድምፅ ተሰማ። ሲገለብጠው መሆን አለበት። «ደህና» አለ።

ሠርጉ በቀኑ ሆነ። ኦዴሉ ዘመዶቹን በአሮጌ የመንግሥት አውቶቡስ ጭኖ መጣ። ግብዣው ላይ ካርዱን ከኪሱ አወጣና ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጎ ተመለከተ።

«ታትያ ጋሩ፣ ከሥር ቀይ ነገር ይታየኛል።»

«የድሮ ወሰን ነው።»

«አልጠፋም።»

«የናሃፓናም ፊት አልጠፋም» አለ ታትያ። «ከማኅተሙ ሥር ጆሮው ይታያል።»

ኦዴሉ ይህን አያውቅም ነበር። ዘወር ብሎ ለወንድሙ እንደ ራሱ ነገር ነገረው።

የመሸኛው ሰዓት ደረሰ። ሬቫቲ ተሳፈረች፤ እናቷና ሴቶቹ መስኮቱ ሥር ያለቅሳሉ። ታትያ ሻንጣዎቹን ላስተካክል ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። አስተካከለ። መስኮቶቹን አየ። ከዚያ መተላለፊያው ላይ፣ ከገመዱ ሥር፣ ድሮ እንደሚቆመው እግሮቹን አራርቆ ቆመ። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሥቶ በመስታወቱ ይጠብቃል። የአውቶቡሱ ቲኬት ቆራጭ የሙያ ክብር ያወቀ ሰው ነበር፤ ገመዱን ለታትያ ለቀቀለት።

ታትያ ገመዱን ያዘ። አንዴ ሳበ።

ሁላችንም ጠበቅን። ሁለተኛው አልመጣም።

«ቆመናል እኮ» አለ ሾፌሩ።

«አባ» አለች ሬቫቲ። «እንሂድ። ያመሻል።»

እጁ ገመዱ ላይ ነው። አይስብም፣ አይለቅም። ከፊት ወንበር ላይ ኦዴሉ ዞረ። በዚህ ከተማ ማንም ሰው በፈቃዱ የማይጠይቀውን ጥያቄ ጠየቀ።

«ታትያ ጋሩ፣ ለመሆኑ ግዛቱ እስከ የት ድረስ ነበር?»

እንደ ልማዱ ሦስቱን ባሕሮች ያመጣቸዋል ብዬ ጠበቅሁ። ታትያ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እስከ እርስዎ ቤት።»

«ከእኔ ቤት ጀምሮ» አለ ኦዴሉ።

ታትያ ይህንን ትንሽ አሰበበት። ገመዱን ሁለቴ ሳበና፣ አውቶቡሱ መንከባለል ሲጀምር ፊቱን ወደ ፊት አድርጎ፣ እንደ ቲኬት ቆራጭ ወረደ።

በማግስቱ ከታትያ ጋር ባባን ሻይ ቤት ተገናኘን። ሻዩን ገና ሳልቀምሰው ብርጭቆዬን ወሰደና በጠረጴዛው ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ሊወድቅ እስኪደርስ ድረስ፣ አስቀመጠው። ኡጃይን ነው ወይ አላልኩትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ሻይ አዛለሁ፤ አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለመንግሥቱ።

ዝናቡ ካለፈ በኋላ ከኦዴሉ መንደር በአውቶቡስ ለታትያ አንድ ጡብ ተላከለት። ባባን በሩን በነፋስ እንዳይዘጋ ደግፎበታል።